የመካከለኛዋ አክስል ወርቅ

ፋንታ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቀናተኛ ነበር እንጂ። ሁለቱን የሚያምታታ ካለ ሞጣ ገበያ ዳር በረንዳ ላይ የሚቀመጡትን ሽማግሌዎች ይጠይቅ። የእጁን ሥራ አመስግነው አይጠግቡም፤ ስለ ትዳሩ ሲጠየቁ ግን ስለ ዝናቡ ማውራት ይጀምራሉ።

ሥራው የመኪና ባሌስትራ መጠገን ነበር። ባሌስትራ ማለት ከመኪናው ሆድ ሥር ተደራርቦ የሚታሰር፣ ጭነቱን ተሸክሞ የሚለጠጥ የብረት ቅጠል ነው። በደርግ ጊዜ ከቢቸና ሞጣ የሚወስደው መንገድ መንገድ ለመባል ብዙ ይቀረው ስለነበር ድንጋዩ ይሰብራል፣ ፋንታ ይጠግናል፤ እንዲህ ሆነው ተስማምተው ይኖሩ ነበር። አጠጋገኑም አንድ ነው። የተሰበረውን አውጥቶ አዲስ ያስገባል፤ በላዩ አንድ ቅጠል ከራሱ ይጨምርና ብሎኑን እስኪጮህ ድረስ ያጠብቀዋል። "ሂድ፣ ከእንግዲህ ወዲህ አይነቃነቅም!" ብሎ ሾፌሩን ይሸኘዋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት የቅኔ ተማሪ ነበር። ዲማ ጊዮርጊስ ቁራሽ እየለመነ ሲማር ከጓደኞቹ የሚለየው በመቀኘት ሳይሆን በመፍታት ነበር። ሌላው ከሰሙ ጋር ሲታገል እሱ ከሥር የተቀበረውን ወርቅ ያወጣና ቁጭ ያደርገዋል። አባቱ ሲሞት ትምህርቱን አቋረጠ፤ ጆሮው ግን አላቋረጠም። ሰው "እንደምን አደርክ?" ቢለው "ምን ማለቱ ይሆን?" ብሎ እስከ ምሳ ድረስ የሚያሰላስል ሰው ሆኖ ቀረ። እንዲህ ያለ ጆሮ ባሌስትራ ለሚጠግን ሰው አይከብድም። ሚስት ላለው ሰው ግን መከራ ነው።

ሚስቱ ባንቺዓለም የቢቸና ልጅ ናት። ወናፉን የምትነፋው እሷ፣ የጋለውን ብረት በጉጠት ይዛ የምታስቀጠቅጠው እሷ፣ አልጋ የያዙትን አማቷን የምታገላብጠውና የምታጥበው እሷ ነበረች። መሠረተ ትምህርት ታውጆ የቀበሌው ሰው ሁሉ ፊደል ሊቆጥር ሲወጣ ፋንታ ሊቀመንበሩን ደጅ ጠንቶ አስቀራት። "እናቴን የሚያስታምም የለም" አለ። እውነቱን ነው፤ ግን አስተማሪው ቁመናው ያማረ ጎረምሳ መሆኑንም አይቶ ነበር። ቢቸና ወንድሜን ልጠይቅ ስትለው ደግሞ "ያ መንገድ ይሰብርሻል" ይላታል። እያደር መጠየቁን ተወችው።

ነገሩ የመጣው በ1972 በጋ ላይ ነው። የሐጂ እንድሪስ የጭነት መኪና ከኋላው የሚጎትታት ተሳቢ ነበረችው፤ ከሞጣ እህልና ቆዳ ጭና ትወርዳለች፣ ጨውና ሸቀጥ ጭና ትመለሳለች። ከበስተኋላዋ ሁለት አክስሎች ፊትና ኋላ ተከታትለው አሏት። አክስል ማለት የግራውንና የቀኙን ጎማ የሚያገናኘው ወፍራም ብረት ነው። ተሳቢዋ ባሌስትራ መስበር ሥራዬ ብላ ያዘችው። ፋንታ ቅጠል ይጨምራል፣ እሷ ትሰብራለች፤ ደግሞ ይጨምራል፣ ደግሞ ትሰብራለች። በመጨረሻ ባሌስትራው እምቢ ብሎ ሲጸና ሁሉን የሚሸከመው የብረት አጥንት፣ ሻንሲው ራሱ ተሰነጠቀ።

ሐጂ እንድሪስ ታጋሽ ሰው ናቸው፤ ትዕግሥታቸው ግን አለቀ። አንድ ቀን ጠዋት ተሳቢዋን አስጎትተው ሲመጡ ከጋቢናው አንድ ሰው ይዘው ወረዱ።

"ፋንታ፣ እንግዳ አምጥቼልሃለሁ" አሉ። "ወልደ ኪዳን ይባላል። ድሬዳዋ ምድር ባቡር ጋራዥ ውስጥ የፉርጎ እግር ሠሪ ነው። ለእናቱ ተዝካር ቢቸና መጥቶ አገኘሁት።"

ፋንታ ገና አፉን ሳይከፍት ከበስተኋላው የወናፉ ድምፅ ቆመ።

"ወልዴ! አንተ ነህ?"

ባንቺዓለም ነበረች። ጥላሸቷን በቀሚሷ እየጠረገች ሮጣ መጥታ እንግዳውን ጉንጩን እያገላበጠች ሳመችው። አጥር ለአጥር ያደጉ ጎረቤታሞች ናቸው። ሰውየውም "ባንቺ! ኧረ አንቺ ልጅ!" እያለ ሳቀ።

ፋንታ ሚስቱ እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላት እስከዚያች ቀን ሰምቶ አያውቅም። ደግሞስ "ባንቺ" ማለት ምንድን ነው? ስም ማቆላመጥ ነው ወይስ "በአንቺ" ማለቱ ነው? በአንቺ ምን? በአንቺ ምክንያት መጣሁ? ወልደ ኪዳን ወዲያው ስለ ሚስቱና ስለ ልጆቹ ማውራት ሲጀምር ፋንታ በልቡ "ይኸ ሰሙ ነው" አለ።

ወልደ ኪዳን ተሳቢዋ ሥር ገብቶ ቆየ። ወጥቶ ከሰል አነሣና የበርሜል ክዳን ላይ ይሥል ጀመር። ሾፌሮች፣ ረዳቶች፣ ሥራ ፈቶች ከበቡት። በዚያ ደጅ እንዲህ ተከቦ የሚታየው ፋንታ ነበር፤ ዛሬ ግን እሱ ከሰው ትከሻ በላይ ተንጠራርቶ የሚያይ ሆነ።

"ባቡር እንደ መኪና አይደለም" አለ ወልደ ኪዳን። "ፉርጎው ጎማው ላይ በቀጥታ አይቀመጥም። ከሥሩ ቦጂ የምንለው አለ። ትንሽ የብረት ቤት በሉት። ሁለትም ሦስትም አክስል በዚያ ቤት አብረው ይኖራሉ። ቤቱ መሀሉ ላይ ባለ አንድ ፔርኖ፣ በወፍራም የብረት ካስማ፣ ከፉርጎው ጋር ይያያዛል፤ ሐዲዱ ሲጠመዝዝ ፔርኖው ላይ ይዞራል፣ ፉርጎው ቀስ ብሎ ይከተለዋል። የእርስዎዋ ተሳቢ ጥፋት ምን መሰለዎት ሐጂ? ሁለቱ አክስሎች አይተዋወቁም። አንደኛዋ ድንጋይ ላይ ስትወጣ ሌላዋ አየር ላይ ተንጠልጥላ ታያታለች። ያን ጊዜ ሸክሙ ሁሉ ባንዷ ላይ ነው። እንዴት አትሰበር?"

"ቅጠል ስንጨምርላት ኖረናል" አለ አንድ ሾፌር፣ ወደ ፋንታ እያየ።

"የጨመራችሁት ድርቀት ነው። በደረቀች ቁጥር ድንጋይ ላይ የወጣችዋ ይበልጥ ብቻዋን ትሸከማለች። ይልቅ በሁለቱ መሀል ሚዛን ይግባ። የሁለቱ ባሌስትራ ጫፍ የሚያርፍባት፣ መሀሏ ላይ በፔርኖ የምትወዛወዝ ወፍራም ብረት ናት። አንደኛዋ ወደ ላይ ስትገፋ ሌላዋን ወደ ታች ትጫናታለች፤ ሸክሙን ይካፈሉታል።"

ባንቺዓለም ውሃ ይዛ መጥታ ቆማ ስታዳምጥ ነበር። ባሌስትራ ሲግልና ሲመታ ስትይዝ የኖረች ሴት ናትና ነገሩ ገባት።

"ሦስት ሲሆኑስ?" አለች።

"ደግ ጠየቅሽ! ሦስት ሲሆኑ ጣጣው የመካከለኛዋ ነው። ሐዲዱ ሲታጠፍ ፊትና ኋላ ያሉት ቀጥ በይ ይሏታል፤ ሐዲዱ ደግሞ ወደ ጎን ነይ ይላታል። አጥብቀሽ ከያዝሻት ከሐዲድ ትወጣለች። ስለዚህ ለመካከለኛዋ ግራና ቀኝ ትንሽ መላወሻ ይተውላታል።"

"ጨርሰው ቢለቋትስ?" አለ ሾፌሩ።

"ያን ጊዜማ ትጨፍራለች!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ባንቺዓለምም ሳቀች። ፋንታ ብቻ ቅኔውን ይፈታ ጀመር። ሦስት ሆነው በአንድ ቤት! መካከለኛዋ! ነይ ይላታል! "ከሐዲድ ትወጣለች" የሚለው ላይ ሲደርስማ የዲማው ጆሮ ቃሉን ለሁለት ሰነጠቀው። "ከሐዲ ትወጣለች!" ኅብሩ እንዲህ ያማረ፣ ሰሙ እንዲህ የተደላደለ ቅኔ በተማሪነቱ ዘመን ሁሉ አላጋጠመውም። በአደባባይ፣ በገዛ ደጁ፣ በገዛ ከሰሉ፣ ለሚስቱ ቅኔ ተቀኘላት። ማን ያውቃል፣ ድሬዳዋም ቅኔ ያስተምሩ ይሆናል።

ሚዛኗን አብረው ሠሯት። ፋንታ መዶሻውን እያነሣ ሲያሳርፍ በልቡ የሚመታው ብረቱን ሳይሆን የወልደ ኪዳንን ማጅራት ነበር። ፔርኖውን አስገብተው ብሎኑን ሲያስር ሰውየው ትከሻውን መታ አድርጎ "አታጥብቃት አያ ፋንታ። ትንሽ ትላወስ፣ ላልታ ትኑር" አለው። ፋንታ ግን ብሎን መፍቻው ላይ በሁለት እጁ ተንጠለጠለበት። ሁሉም ለምሳ ሲሄዱ ተመልሶ ደግሞ አጠበቀው። አንተ የሰው ሚስት እያላላህ ትዞራለህ፣ እኔ አለሁልህ አለ በልቡ።

ከሰዓት ተሳቢዋን በድንጋይ ላይ አስነዷት። ሚዛኗ ንቅንቅ አላለችም፤ አንደኛው አክስል ተንጠልጥሎ ቀረ። ወልደ ኪዳን ከሥር ገብቶ አየና ሳቀ። "ኧረ አያ ፋንታ፣ ክንድህ የጉድ ነው!" ብሎ ብሎኑን አላላው። ከዚያ ተሳቢዋ ድንጋዩን ስትሻገር አራቱም ጎማ መሬት አልለቀቀም። ሐጂ እንድሪስ "ማሻአላህ!" ብለው አጨበጨቡ። ባንቺዓለም ከወናፉ አጠገብ ሆና "ጎሽ ወልዴ!" አለች።

ይኸ ቃል ነው ፋንታን የገደለው። አሥር ዓመት ሙሉ ብረት ሲቀጠቅጥ ጎሽ ብላው አታውቅም። እሱም ብሏት አያውቅም ነበር፤ ይኸ ግን አልታሰበውም።

ሰው ሲበተን እንስራ የምታጥበው ሚስቱ ፊት ቆመ።

"ደንቆሮ መሰልኳችሁ?" አላት።

"ማን? ምን ሆንክ?"

"ቅኔውን ያልፈታሁት መሰላችሁ? እኔ ፋንታን!"

ባንቺዓለም እጇን አራገፈች። ፋንታ ያን የተማሪ ቤት ድምፁን አወጣና ነገሩን አንድ በአንድ ይፈታላት ጀመር። ሲፈታ ደግሞ ጎበዝ ነው፤ የሚዘለው የለም።

"ሸክሙ ሁሉ ባንዷ ላይ ነው ያለው አንቺን ነው። እናቴን ማገላበጥሽን፣ ወናፉን፣ ብረቱን፣ ውሃውን፣ ሁሉን ብቻሽን መያዝሽን። ተንጠልጥላ ታያታለች ያለው እኔን ነው፤ ቆሜ ማየቴን። እንዴት አትሰበር ያለው ያን የታመምሽ ጊዜ፣ ወናፉ ሥር ወድቀሽ የተነሣሽውን ነው። የጨመራችሁት ድርቀት ነው ያለው የእኔን ጠባይ ነው። አጥብቀሽ ከያዝሻት ያለው መሠረተ ትምህርት መከልከሌን፣ ቢቸና ወንድምሽ ዘንድ አለመስደዴን ነው። መላወሻ ይተውላታል ያለው..."

ሚስቱ ፊቷ ሲለዋወጥ አይቶ ቆመ። አገኘኋት አለ በልቡ። አሁን ታለቅሳለች፣ ትምላለች፣ ትክዳለች።

እሷ ግን አላለቀሰችም። ፊቱን ከዚያ በፊት አይታው እንደማታውቅ ሁሉ ትኩር ብላ አየችው።

"ወልዴ እናትህ መታመማቸውን እንኳ አያውቅም" አለች። "መሠረተ ትምህርት መቅረቴን ማን ነገረው? ወናፍ ሥር መውደቄን ማን ነገረው? ሰውየው ያወራው ስለ ባቡር ነው።"

ፋንታ "እሱ ሰሙ ነው" አላት።

"እኔ እኮ" አለች ድምፅዋን ሳታነሣ፣ "አላየም፣ ሥራ በዝቶበት ነው፣ ቢያይ ያዝንልኝ ነበር እያልኩ ነው የኖርኩት። ለካ ስታየው ኖረሃል። አንድም አልቀረህም።"

እንስራዋን አንሥታ ገባች።

በማግስቱ ጠዋት አማቷን አጥባ፣ አብልታ፣ የፋንታን እኅት ይርጋነሽን አስጠርታ አጠገባቸው አስቀመጠች። ከዚያ ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። ፋንታ ብረት ከሚያስርበት ሞርሳ አጠገብ ቆሞ ነበር። "ወዴት?" አላት፤ "ቢቸና፣ ወንድሜ ዘንድ" አለችው፤ እንደ ፈቃድ ጥያቄ ሳይሆን መንገደኛ ለጠየቀው እንደሚመልስ። ሊከለክላት ፈለገ። ምን ሊላት? መንገዱ ይሰብርሻል? አውቶቡሱ ሲሄድ መዶሻውን አንሥቶ፣ የሚመታ ብረት አለመኖሩን አይቶ መልሶ አስቀመጠው።

ቀትር ላይ ወልደ ኪዳን ሊሰናበት መጣ። ሐጂ እንድሪስ በግድ ምሳ አብልተውት ፊቱ በርቷል። ፋንታን አቅፎ ሳመው፤ ስለ እጅህ ሥራ ድሬዳዋ ላሉት አወራላቸዋለሁ አለው። ከዚያ ወደ ወናፉ አየ።

"ባንቺስ የለችም?"

"ቢቸና ሄደች። ወንድሟን ልትጠይቅ።"

"ደግ አደረገች። መቼ ትመለሳለች?"

ፋንታ ቃሉን እንደ ልማዱ አገላበጠው። ከላይ አየው፣ ከሥር አየው፣ ለሁለት ሰነጠቀው። ምንም አልነበረበትም። ሰውየው የጠየቀው መቼ እንደምትመለስ ብቻ ነበር፤ ፋንታ ደግሞ አያውቅም።