ቀይ የተቀባው ራኬት

ዲንቄ ኢተፋ የጠረጴዛ ቴኒስ ራኬቷን ለማንም አታውስም ነበር። በናዝሬት በቀበሌያችን አዳራሽ የሚጫወቱት ወጣቶች ይቀልዱባታል።

«ባልሽን አውሺን ብንልሽ ይቀልሻል!»

«እሱን ውሰዱት፤ ምሳውን ግን እናንተ ታበሉታላችሁ» ትላቸዋለች።

ምክንያት ነበራት። ቀበሌው መጀመሪያ ሲሰጣት ራኬቱ ጎማው ያለቀ ነበር፤ ኳስ ሲነካው እዚያው ይሞታል። ዲንቄ ቀኑን ሙሉ በልብስ ስፌት ማህበር የካኪ ኮሌታ ስትሰፋ ትውልና ከሥራ ስትወጣ ባሏ ጫላ ዘንድ ትሄዳለች። ጫላ በአሰላ መንገድ ዳር ጎሚስታ ነው። ከእሱ የተቀደደ ከመነዳሪ፣ የጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ወስዳ ትቆርጣለች፣ በብርጭቆ ወረቀት ትፈገፍጋለች፣ በማስቲሽ ትለጥፋለች። የመኪናው ጎማ ወፍራም ሆኖ ኳሱን አፍኖ ያዘባት፤ ገነጠለችው። የብስክሌቱ ደግሞ ኳሱን እያስፈነጠረ ከግድግዳ አላተመባት፤ እሱንም ገነጠለችው። በመጨረሻ ለአንዱ ገጽ ከጎማው ሥር የሲሊፐር ስፖንጅ በስሱ ቆርጣ አስገባች። ሌላውን ገጽ ያለ ስፖንጅ ተወችው፤ በኃይል የሚመጣን ኳስ የምታበርደው በእሱ ነው። ጣቶቿ አጫጭር ስለሆኑ እጀታውን በምላጭ ላገችው። የራኬቱ ራስ ሲከብዳት እጀታው ውስጥ ሁለት ሚስማር ከተተች። ሙቀቱ ማስቲሹን እንዳያላላው ቀን ቀን በጨርቅ ጠቅልላ ከውሃው እንስራ አጠገብ ታስቀምጠዋለች።

ይህ ሁሉ አራት ዓመት ፈጀ። ለሰሚው ትንሽ ነገር ይመስላል። ኳሱ ግን ከዚያ በኋላ እሷ ያሰበችበት ቦታ ያርፍ ጀመር።

በ1976 ክረምት መጨረሻ ላይ ማስታወቂያ ወጣ። ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ሰሞን የአውራጃው ቡድን ምርጫ በእኛ አዳራሽ ይደረጋል። ከሴቶች አንዲት ብቻ አልፋ አዲስ አበባ ሄዳ ትጫወታለች። ሠላሳ ዓመት የሞላው አይመዘገብም። ዲንቄ ኅዳር ላይ ሠላሳ ትሞላለች። ይህ ካለፈ ሌላ የለም።

ከዚያም የስፖርት ኮሚቴው ሰብሳቢ ጓድ ገብረወልድ መመሪያ አወጣ። የስፖርት ዕቃ ሁሉ ለበዓሉ ቆጠራ ወደ ቀበሌው መጋዘን ይግባ ተባለ።

ጫላ ቆጣ ብሎ በኦሮምኛው ጠራት። «ያ ዲንቄ፣ እንዳትሰጪ!»

«ሰብሳቢው ራሱ ፈርሞ ደረሰኝ ይሰጣል እኮ።»

«ደረሰኝ ኳስ ይመታል?»

እሷ ግን ካላስረከበች ከምዝገባው እንዳይሰርዟት ፈራች። ወስዳ ሰጠች።

የውድድሩ ዕለት ጠዋት መጋዘኑ ተከፈተ። የመረቡ ቋሚ ቀይ፣ የኳሱ መንፊያ ቀይ፣ የዳማው ሳጥን ቀይ። ራኬቶቹ በተርታ ተደርድረው ያብረቀርቃሉ። እጀታቸው ብቻ አይደለም፤ ጎማው ራሱ በሁለቱም ገጽ የዘይት ቀለም ተቀብቷል። ዲንቄ የራሷን የለየችው በተላገው እጀታ ነው። አውራ ጣቷን በጎማው ላይ አስኬደችው፤ እንደ መስታወት አለፈ።

«ጓድ ገብረወልድ! ይሄ ምንድነው?»

«አላማረም?»

«ጎማውን ቀባችሁት!»

«ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ። የአንዱ ጥቁር፣ የአንዱ ቡናማ ሆኖ ይታይ? አንድ ወጥ መሆን አለበት።»

«ኳሱ ይንሸራተታል! ጎማ ይቀባል እንዴ?»

«ኳስ የሚመታው ክንድ ነው፣ ጓድ ዲንቄ። በዕቃ ማመካኘት የንዑስ ከበርቴ አመል ነው።»

በሕይወቱ አንዲት ኳስ መትቶ የማያውቅ ሰው ነው ይህን የሚናገረው። ዛሬም ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል።

ዲንቄ ራኬቱን ይዛ ጫላ ዘንድ ሮጠች። በቤንዚን አሹት። ቀለሙ ለቀቀ፤ ማስቲሹም አብሮ ለቀቀና ጎማውና ስፖንጁ ተልጠው በእጇ ቀሩ። አዲስ ለጥፎ ለማድረቅ አንድ ቀን ሙሉ ያስፈልጋል፤ ጨዋታው ዘጠኝ ሰዓት ነው።

«ብዬሽ ነበር...» ብሎ ጀመረ ጫላ።

«አንዲት ቃል እንዳትጨምር!»



ለአንዲቷ ቦታ ተጋጣሚዋ የሺዓለም የምትባል የደብረ ዘይት ልጅ ናት። ዲንቄ ከመጋዘን የወጣ ሌላ ቀይ ራኬት ይዛ ስትቀርብ አይታ የራሷን ተጨማሪ ራኬት ዘረጋችላት። «እኅቴ፣ በዚህ ተጫወቺ።» ዲንቄ እጇን ስትሰድ ጓድ ገብረወልድ ከእንግዶቹ መሃል ተነሳ። «የቀበሌው ንብረት እያለ የምን ልመና ነው?» ዳኛው አንገቱን ደፋ። የዲንቄ እጅ ተመለሰ።

ኳሱ አልታዘዛትም። አሽከርክራ ልትመታው ስትል ተንሸራቶ መረቡ ውስጥ ይገባል። ሃያ አንድ ለዘጠኝ፤ ሃያ አንድ ለአሥራ አንድ። የሺዓለም እጇን ስትጨብጣት «ይሄን አሸነፍኩ ብዬ አላወራም» አለቻት።

ጓድ ገብረወልድ የተሳትፎ ምስክር ወረቀት ይዞ መጣ። ዲንቄ ወረቀቱን አልተቀበለችም፤ ቀዩን ራኬት እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

«እርስዎ ይምቱት እስቲ።»

«ምን?»

«የሚመታው ክንድ አይደል? ይምቱ!»

እንግዶቹ ያያሉ፤ እምቢ ማለት አልቻለም። ከየሺዓለም ራኬት ተቀብላ አሽከርክራ ሰጠችው። ኳሱ ራኬቱን ነክቶ ወደ ጎን ተወረወረና የአንዱን እንግዳ የለስላሳ ብርጭቆ ገለበጠ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ዲንቄ ግን አልሳቀችም።

በሳምንቱ ለሂስና ግለሂስ ስብሰባ ተጠራች። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ጓድ ገብረወልድ በእንግዶች ፊት ቀበሌውን አዋርዳለች፣ ግለኝነት አጥቅቷታል ብሎ ከሰሳት። «ተነሺና ጥፋትሽን ተናገሪ» አላት። ጫላ ከኋላ ወንበር ሆኖ በዓይኑ ይለምናታል፤ በዚያ ዘመን ከእንዲህ ያለ ስብሰባ ወጥቶ ቤቱ ያልገባ ሰው ነበር።

ዲንቄ ተነሳች። 

«አጥፍቻለሁ» አለች። «ራኬቴን ማስረከቤ ጥፋት ነው። ደረሰኝ ማመኔ ጥፋት ነው። አራት ዓመት የለፋሁበትን ነገር ለማያውቅ ሰው መስጠቴ ጥፋት ነው። ሁለተኛ አይለምደኝም።»

«ይሄ ግለሂስ አይደለም!» ብሎ ጮኸ ጓድ ገብረወልድ።

«አጥፍቻለሁ አለች፤ ሌላ ምን ትበል?» አሉ ጎረቤታችን እማማ አበዛሽ ከጥግ። ከየወንበሩ «እውነት ነው» የሚል ጉርምርምታ ተሰማ። ሰብሳቢው ዙሪያውን አየና ተቀመጠ።

እኔ ፈርቼ «ጥፋቷን አምናለች» ብዬ ብቻ ጽፌ ለፊርማ ሰጠኋት። አንብባ መለሰችልኝ።

«ያልኩትን ጻፍ። ቀለሙንም ጻፍ፣ ማን እንደቀባውም ጻፍ።»

ያለችውን ሁሉ ጻፍኩ። እያንዳንዱን መስመር በጣቷ እየተከተለች አነበበችና ፈረመች። አዲስ አበባ የሄደችው ግን የሺዓለም ናት።