ምስክሩ ገመድ

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ «አቶ ምናሴ» ማለት ዕድሜያቸው ሃምሳ አራት የሆነ፣ በባሕር ዳር በአንድ ኮሌጅ የኤሌክትሮኒክስ ቤተ ሙከራ ኃላፊ የሆኑ፣ መዳፍ በምታህል ኮምፒዩተር ላይ እንኳ ሳይመረምሩ የማይፈርዱ፣ ሲመረምሩም በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ የማይቀይሩ ሰው ማለት ነው። ትርጉሙ በደረት ኪሳቸው፣ በነጭ መሐረብ ተጠቅልሎ የሚኖረውን የዩኤስቢ ገመድ ይጨምራል።

ገመዱ ስም አለው፤ «ምስክር» ይባላል። ዕቃ እየተሰካበት የሚቋረጥ መሰኪያ ሲገጥማቸው አቶ ምናሴ ምስክርን ያወጣሉ። በምስክር ከሠራ መሰኪያው ነፃ ነው፤ ካልሠራ ቀይ ፕላስተር ይለጠፍበትና መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ካለፈው ክረምት ወዲህ ብቻ በኮሌጁ አሥራ አንድ መሰኪያዎች በዚህ ሥርዓት ተፈርዶባቸዋል።

ሐሙስ ዕለት ዘይነት አስጠራቻቸው። ዘይነት ከሐይቁ ዳር ዓሣ ተረክባ የምታከፋፍል ነጋዴ ናት። በበረዶ ክፍሏ ያለውን ቴርሞሜትር አንብባ ሙቀቱን በየሰዓቱ ወደ ስልኳ የምትልክ ትንሽ ኮምፒዩተር የተከሉላት አቶ ምናሴ ናቸው። ከሳምንት ወዲህ ግን ቴርሞሜትሩ በየግማሽ ሰዓቱ ገደማ ይቋረጣል። ቅዳሜ ደግሞ የታናሽ እኅቷ የሱንዱስ ኒካሕ ወረታ ላይ ነው።

«ጋሼ ምናሴ፣ ይህ ነገር ካልታመነ ሦስት መቶ ኪሎ ቆሮሶ ዓሣ ጥዬ አልሄድም። ካልሄድሁ ደግሞ ሱንዱስ ዕድሜ ልኳን አታናግረኝም።»

«መጀመሪያ ይህን ልብስ አንሺልኝ።»

ኮምፒዩተሯ ዘይነት በእጇ የሠራችውን ዳንቴል ለብሳ ነበር።

«ምን አደረገዎት? ከአቧራ እንዲጠብቃት እኮ ነው።»

«ያፍናታል። ኮምፒዩተር ቴሌቪዥን አይደለም።»

«ቴሌቪዥኑም ዐሥር ዓመት ለብሶ አልታፈነም!»

ዳንቴሉ ተነሣ፤ «ተጠርጣሪ አንድ» ተብሎም ተመዘገበ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቴርሞሜትሩ ተቋረጠ። ኃይል አንሷት ይሆናል ተብሎ ቻርጀሯ በጠንካራ ተተካ፤ ተቋረጠ። ቀጥሎ ቴርሞሜትሩን ከኮምፒዩተሯ ጋር የሚያገናኘው ገመድ። እሱን አቶ ምናሴ በአክብሮት ነው የነቀሉት፤ ኮምፒዩተሯን ሲተክሉ ራሳቸው የለገሱት፣ ከምስክር ጋር በአንድ ማሸጊያ የተገዛ መንትያ ነበርና። በምትኩ ምስክር ተሰካ። በአንደኛው መሰኪያ ተቋረጠ። በሁለተኛው፣ በሦስተኛው፣ በአራተኛውም እንዲሁ።

«አራቱም መሰኪያዎች ሞተዋል» አሉ አቶ ምናሴ፣ መነጽራቸውን እያወለቁ። «ሌላ ኮምፒዩተር ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ዐሥር ቀን ነው።»

ዘይነት ግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀለው አዲስ ቀሚሷ ተመለከተች።

«ጋሼ፣ ገመዱን በምን ቀየሩት?»

«በምስክር ነዋ።»

«በወንድሙ!»

«በታመነ ወንድሙ።»

«እኔ ከአንድ ጀልባ ከመጣ ዓሣ አንዱ ከሸተተኝ የቀረውንም ሁሉ አሸታለሁ። እርስዎ ግን የሸተተውን በጎረቤቱ ነው የሚመዝኑት።»

ይህን ብላ የስልኳን ገመድ አመጣች። ከጉልት የተገዛ፣ አንገቱ በጥቁር ፕላስተር የታሰረ ነው።

«ይህ?» አሉ አቶ ምናሴ። «ይህ እኮ ወላጆቹ አይታወቁም።»

ዘይነት «ከሞተው» ከአንደኛው መሰኪያ ላይ ሰካችው። ሁለቱም በርጩማ ስበው ተቀመጡ። በፊታቸው፣ በሐይቁ ላይ፣ ሁለት ታንኳዎች ደንገል ጭነው አለፉ። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት፤ አልተቋረጠም። ዓርብ ቀትርም አልተቋረጠም። ዘይነት ዳንቴሉን መልሳ አለበሰቻት፤ አቶ ምናሴ ወደ ሐይቁ እያዩ ነበር።

«ያን ገመድ አይጥሉትም?» አለች፣ ቀሚሷን በክንዷ ይዛ ልትወጣ ስትል።

«ምስክርን?»

«በማን ላይ ነው የሚመሰክረው ከእንግዲህ?»

አቶ ምናሴ ገመዱን በጥንቃቄ ጠቅልለው በመሐረቡ አሰሩትና ወደ ደረት ኪሳቸው መለሱት።

ቅዳሜ፣ ወረታ ላይ ድቤው ሲመታ፣ የዘይነት ስልክ በየሰዓቱ «ሁለት ዲግሪ» ይል ነበር። ሰኞ ጠዋት ደግሞ የኮሌጁ ተማሪዎች ወደ ቤተ ሙከራው ሲገቡ ከአሥራ አንዱም መሰኪያዎች ላይ ቀዩ ፕላስተር ተነሥቶ አገኙ። በመዝገቡም፣ ምክንያት በሚለው ዓምድ፣ በአቶ ምናሴ የጠራ የእጅ ጽሑፍ፣ «በምሕረት» የሚል ሰፍሮ ነበር።