የደብሪቱ ክፍል ሦስት

ባለፈው ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የልጅ ልጄ ስትጓጓለት የከረመችውን መጽሐፍ ሶፋው ላይ ወረወረችው። «ደራሲው ሦስተኛው ክፍል ላይ አበላሸው፣ አያቴ! ጀግናዋን ልፍስፍስ አደረጋት!» አለች፤ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። ሳቄን መያዝ አቃተኝ። የእኔም ነገር የጀመረው ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበርና።

ጣልያን ከመግባቱ በፊት ነው። ፒያሳ የሚባል ስም ገና አልመጣም፤ ሁሉም አራዳ ነበር። አሥራ አምስት ዓመቴ ነው፤ በሰፈራችን ማንበብ የምትችል ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ሐሙስ ሐሙስ ጎረቤቶቻችን እንዝርታቸውንና ባዘቷቸውን ይዘው እኛ ቤት ይሰበሰባሉ፤ እነሱ ሲፈትሉ እኔ አነብላቸዋለሁ። ሰው ፊት ቀና ብዬ መናገር የማልችል ዓይን አፋር ነበርኩ። መጽሐፍ ግን ፊቴን ይሸፍንልኛል፤ ከጀርባው ሆኜ ድምፅ ነበረኝ።

የምናነበው የደብሪቱን ታሪክ ነበር፤ አባቷ ሲታመም በቅሎዎቹን ተረክባ አገር ላገር የምትነግድ ልጅ ናት። በመጀመሪያው ክፍል ሽፍቶች አታለለች፤ በሁለተኛው የሞላውን አዋሽ በዋና ተሻገረች። ሦስተኛውን ክፍል አንድ ዓመት ሙሉ ጠበቅነው። በዚያ የሐምሌ ሐሙስ አባቴ ከማተሚያ ቤቱ ደጅ ገዝቶ፣ ዝናብ እንዳይነካው ካባው ውስጥ ሸሽጎ አመጣልኝ። ቀለሙ ገና ይሸታል። የሽምብራው ቆሎ ቀረበ፣ እኔም ጀመርኩ።

ደብሪቱ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ የሙሽራ መጋረጃ ውስጥ ተቀምጣ ታለቅሳለች። አምስት ገጽ ገለጥኩ፤ አሁንም ታለቅሳለች። በቅሎዎቿን ሙሽራው ሸጧቸዋል።

«ይቺ ናት አዋሽን የተሻገረችው?» አሉ የወሎዋ ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ። «በገዛ እንባዋ ልትሰጥም ነው እኮ!»

ሴቶቹ ሳቁ። አንዷ ጥጧን መሰብሰብ ጀመረች። ሐሙሴ ሊፈርስብኝ ነው፤ እሱ ከፈረሰ ድምፄም አብሮት ይሄዳል። ዓይኔን ከገጹ ሳልነቅል አፌ ሌላ መንገድ ያዘ። ደብሪቱ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። በቅሎዎቿን ከገዢው አስመለሰች፤ ከአዋሽ ማዶ ልትነግድ በዝናብ ጫነች። ሙሽራውን «መምጣት ከፈለግህ መጀመሪያ መጫን ተማር» አለችው። እንዝርቶቹ እንደገና ሾሩ።

«ቆይ፣ ቆይ!» አሉ እትዬ ዘይነባ። «አንቺ ልጅ፣ ወረቀቱን ከገለጥሽው ቆየሽ እኮ!»

ፊደል አይቆጥሩም። አንድ እንዝርት እስኪሞላ ስንት ጊዜ እንደምገልጥ ግን ጠንቅቀው ያውቁ ኖሯል። እኔ መግለጡን ጨርሶ ረስቼዋለሁ።

«እዚህ ላይ... አልተጻፈም» አልኩ። «ከራሴ ነው።»

እናቴ አንገቷን ደፋች።

«ታዲያ ወረቀቱን ምን አስያዘሽ?» አሉ እትዬ ዘይነባ። «አስቀምጪውና ቀጥይ! ደብሪቱን ማዶ ሳታደርሺ ከዚህ የሚነሣ የለም።»

አስቀመጥኩት። ፊቴን የሚሸፍንልኝ ሳይኖር ደብሪቱን ከነበቅሎዎቿ ማዶ አደረስኳት። ስጨርስ እልልታው መንገደኛ አስቆመ። ከሁሉም በላይ እልል ያለችው እናቴ ናት።

ኋላ በጎልማሳነቴ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ድርሰት ብዙ ተማርኩ። ያን ደራሲ ግን አልተቀየምኩትም። አሳምሮ ጽፎት ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ከመጽሐፍ ጀርባ ተደብቄ እቀር ነበር።

«በማግስቱስ ምን አደረግሽ?» አለች የልጅ ልጄ፣ የወረወረችውን መጽሐፍ ከሶፋው ላይ እያነሣች።

በማግስቱ ጠዋት ዝናቡ ሲያባራ፣ ጭቃውን እየዘለልኩ ወደ ሱቆቹ ሄድኩ። ደብተር ገዝቼ ተመለስኩና በመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ «ደብሪቱ፣ ክፍል ሦስት» ብዬ ጻፍኩ።