በሥራ ሰዓት የሚሞት ባል

ባለቤቴ በሕይወት ነበር፤ እኔ ግን ሥራ በገባሁ ቁጥር እገድለው ነበር። እንጀራዬ ይኼ ነበር።

አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ውስጥ የኦስቲዮፓቲ ሐኪሞችን በሚያሠለጥን አንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የሚፈተኑብኝ በሽተኛ መስዬ እሠራለሁ። እነዚህ ሐኪሞች እንደ ሌሎቹ መድኃኒት ያዛሉ፤ በተጨማሪ ግን ጡንቻና መገጣጠሚያ በእጃቸው ዳስሰው ማከም ይማራሉ። ባለቤቴ "የፈረንጅ ወጌሻ" ነው የሚላቸው። ማታ ስመጣ "ዛሬስ ስንት ወጌሻ አገላበጠሽ?" እያለ ይስቅብኛል። በ2020 ሁሉም ነገር ሲዘጋ ፈተናው በስክሪን ሆኖ፣ ተማሪዎቹ እጃቸውን አየር ላይ እያንቀሳቀሱ "አሁን አንገትዎን ይዣለሁ" ሲሉኝ ከጓዳ ቆሞ ያያቸውና አፉን በእጁ አፍኖ ይስቅ ነበር። ኦቤትስ የሚባል ሰፈር ባለ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲያነሳ ለሚውል ሰው የእኔ ሥራ ቀልድ ቢሆንበት አይፈረድበትም።

ለእሱ ያልነገርኩት ነገር ነበር። ፈተናው ከስክሪን ወደ ትምህርት ቤቱ ከተመለሰ ጀምሮ የምጫወታት ሴት አንገቷ የደረቀው ባሏ ከሞተ ወዲህ ነው። ተማሪው አንገቷን ብቻ አይቶ ከተመለሰ የነጥቡን ግማሽ ያጣል። ቤት ውስጥ ከማን ጋር እንደምኖር ከጠየቀኝ ግን "ብቻዬን ነኝ፣ ባለቤቴ ሞቷል" ብዬ አለቅሳለሁ። መምህራኑ በዚህ ላይ ጥናት ይዘው ነበር። እነሱ ከመስታወት ጀርባ ሆነው የሚሰጡት ነጥብና እኔ በተማሪው እጅ ሥር ተኝቼ የምሰጠው ነጥብ ይስማማ እንደሆነ፣ የሚያዳምጥ ተማሪ እጁም የተሻለ ይሆን እንደሆነ ማወቅ ፈልገዋል። ስለዚህ ተማሪው ሁሉ ያችኑ ሴት፣ ያንኑ ቃል ማግኘት ነበረበት።

እንባ ደግሞ በትእዛዝ አይመጣም። ዘዴ ፈጠርኩለት፤ የባለቤቴ የሥራ ጫማ የሚያደርገው ሰው አጥቶ በራችን ሥር እንደቆመ አስባለሁ። ወዲያው ይመጣልኛል። መምህራኑ ጎበዝ ነሽ አሉኝ፤ እኔም ደስ አለኝ። አገር ቤት ይህን ሟርት ይሉታል። እኔ ጌታን የተቀበልኩ ሰው ነኝ፣ በሟርት አላምንም ባይ። ግን የእኛም ቤተ ክርስቲያን ከአፍ የሚወጣ ቃል ኃይል አለው ብሎ ነው የሚያስተምረን። በየትኛውም በኩል ማምለጫ አልነበረኝም።

በ2021 መጨረሻ ሁለታችንንም ኮቪድ ያዘን። እኔን ቶሎ ለቀቀኝ፣ እሱን አልለቀቀውም። አምቡላንስ ወስዶት በሩን ስዘጋ የሥራ ጫማው እዚያው ቆሟል፣ ልክ እኔ እንደማስበው ሆኖ። አንስቼ ቁም ሳጥን ውስጥ ደበቅኩትና እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ሆስፒታል መግባት ክልክል ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች በዙም እየተሰበሰቡ ይጸልዩልኛል። ሁላችንም የምናከብራቸው አንዲት እናት "ልጄ፣ ሞት የሚባል ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ" አሉኝ። "እሺ እትዬ" አልኩና ካሜራዬን አጠፋሁት። ያን ቃል ስንት ጊዜ እንዳወጣሁት፣ ያውም ተከፍሎኝ እንዳወጣሁት ለማን እናገራለሁ? አፈርኩ። ጸሎታቸውን አታልዬ የወሰድኩ መሰለኝ።

እሱ ገና ኦክስጅን ላይ እያለ የሚቀጥለው ፈተና ደረሰ። ጥናቱን የምትመራውን መምህር የሴትየዋ ባል አይሙት፣ ሌላ ሐዘን ስጪኝ ብዬ ለመንኳት። ጥሩ ሰው ናት፤ አዘነችልኝ። ጥናቱ ተጀምሮ ታሪኩ ሊለወጥ እንደማይችል፣ ካልቻልኩ ግን ብቀር ማንም እንደማይቀየመኝ ነገረችኝ። እችላለሁ አልኳት። ለምን እንዳልኩ አሁንም አይገባኝም።

የገባችው ተማሪ ጭምት ልጅ ነበረች። ከመንካቷ በፊት ፈቃድ ጠየቀችኝ፣ እጆቿን አሻሽታ አሞቀቻቸው። ጣቷ አንገቴ ሥር አንድ ቦታ ሲደርስ ቆም አለችና ቤት ውስጥ ከማን ጋር እንደምኖር ጠየቀችኝ። ሌሎቹ የሚስቱት ጥያቄ ነበር።

"ባለቤቴ በሕይወት አለ" አልኳት።

ልጅቷ ግራ ገባት። የጠረጠረችውን ትታ ስለ ትራስና ስለ አቀማመጥ መጠየቅ ጀመረች። መንገዱን ይዛ ነበር፣ እኔ ነኝ ያሳትኳት። ኮሪደሩ ላይ ተከትላኝ መጥታ ያጠፋችው ነገር ካለ ጠየቀችኝ። ከተፈታኝ ጋር ማውራት አይፈቀድልኝም፤ መሬት መሬት እያየሁ አለፍኳት። በቀጥታ መምህሯ ዘንድ ሄጄ ያደረግኩትን ተናገርኩ። የልጅቷ ፈተና ተሰረዘ፣ እንደገና እንድትፈተን ተወሰነ። ያችን ሴት የምጫወተው ግን እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔ ካልተመለስኩ ልጅቷ እስከሚቀጥለው መንፈቅ ትጠብቃለች።

ባለቤቴ ከስቶ፣ ትንፋሹ አጥሮ ቤቱ ገባ። ሾርባ እያጠጣሁት ሁሉንም ነገርኩት፣ ጫማውን ሳይቀር። እያለቀስኩ ነበር። ማንኪያውን ከእጄ ወስዶ አስቀመጠ።

"በምን ሞትኩ?" አለኝ።

"በልብ። ተኝተህ።"

"ጥሩ ነው፣ ካልተሰቃየሁ።"

ልጅቷስ ምን ሆነች ሲለኝ እኔን እየጠበቀች መሆኗን ነገርኩት። ከእንግዲህ ግን ያን ቃል እንደማልናገር፣ ሥራውን ካንስል እንደማደርገው ነገርኩት።

"ለእኔ ብለሽ የሰውን ልጅ ልትጥዪ ነው?" አለ፣ ሳሉ እያቋረጠው። "ሂጂና ግደይኝ። እኔ እዚሁ ነኝ።"

ብቻውን ልተወው ስላልደፈርኩ አብሮኝ ሄደ። ፓርኪንጉ ውስጥ ሂተሩን ከፍቼ፣ በጋቢ ጠቅልዬ መኪናው ውስጥ ተውኩት። ልጅቷ እጆቿን አሞቀች። ያችኑ ቦታ ስትደርስ ቆም አለችና ያንኑ ጥያቄ ጠየቀች፤ ድምጿ ግን በዚህኛው ጊዜ ፈራ ተባ ይል ነበር።

"ብቻዬን ነኝ፣ ባለቤቴ ሞቷል" አልኳት።

ጫማውን ማሰብ አላስፈለገኝም። እጇን ከአንገቴ ሳታነሳ ለቅሶዬን እስክጨርስ ጠበቀችኝ። የሚገባትን ነጥብ ሰጥቼ ኮቴን እንኳ ሳልቆልፍ ወጣሁ።

ባለቤቴ ራሱን ወንበሩ ላይ ጥሎ፣ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ጋቢው ሲንቀሳቀስ አልታየኝም። መስታወቱን በቀለበቴ ደበደብኩት፣ ደጋግሜ ደበደብኩት። ዓይኑን ገለጠ፣ አየኝ፣ ቀስ ብሎ መስታወቱን ዝቅ አደረገ።

"ልጅቷ ተሳካላት?" አለኝ።