የካምባ ዝርዝር ባዶ የወጣበት ቀን

የመምህራንን የዝውውር ማመልከቻ የሚቀበለውን ድረ ገጽ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ባለው የትምህርት መሥሪያ ቤታችን የሠራሁት እኔ ነኝ። ሥራውን በካምባ ወረዳ ስንሞክረው ኩራቴ ለጉድ ነበር። ስህተት አለበት የሚለኝን ሁሉ «ኮምፒውተር አይዋሽም» ብዬ አፉን አስይዘው ነበር።

ኮሚቴው በሚቀመጥበት ዕለት ጠዋት አንዲት መምህርት ከካምባ መጣች። ልጇን እዚሁ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር፣ እናቷ ናቸው የሚያሳድጉላት። «አያቱን እማዬ ይላል፤ እኔን ግን በስሜ ነው የሚጠራኝ» አለችኝ። ወደ አርባ ምንጭ ለመዛወር ማመልከቷን ልታረጋግጥ ነው የመጣችው። ለኮሚቴው ያዘጋጀሁትን የካምባ ዝርዝር ብከፍተው ባዶ ነው።

«አልተመዘገቡም» አልኳት።

«ወንድሜ፣ ደርሶናል የሚል መልእክት እኮ ልካችሁልኛል።»

«የካምባን ኔትወርክ ያውቁት የለ? ተቋርጦ ይሆናል።»

ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ኔትወርኩ ተቋርጦ ቢሆን ኖሮ ግን «ደርሶናል» የሚለው መልእክት አይላክላትም ነበር። የጻፍኩትን ፕሮግራም ከፈትኩ።

የምሠራበት ፍሬምወርክ፣ ማለትም ድረ ገጹ የቆመበት ዝግጁ የፕሮግራም ማዕቀፍ፣ ሰነፍ ነው። «ውሳኔ የሚጠብቁትን አምጣ» ስትለው እሺ ይልና ካለበት አይነቃነቅም፤ ማመልከቻዎቹ ወደተቀመጡበት ዳታቤዝ የሚሄደው ዝርዝሩን ልታይ ስትል ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ ይህ ስንፍናው ይጠቅማል፤ የማይፈለግ ነገር እያመጣ አይደክምም። እኔ ግን ወዲያው ያመጣ መስሎኝ፣ በቀጣዩ መስመር የሁሉንም ማመልከቻ ምልክት «ውሳኔ ይጠብቃል» ከሚለው «ለኮሚቴ ቀርቧል» ወደሚል ቀየርኩት። ዝርዝሩ ሲከፈት ሄዶ ቢፈልግ፣ ውሳኔ የሚጠብቅ አንድም ሰው የለም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለት ይኸው ነው።

ማመልከቻዎቹን ወደነበሩበት መልሼ፣ መጀመሪያ ዝርዝሩን እንዲያመጣ፣ ከዚያ እንዲቀይር አደረግሁ። ስሟ ሦስተኛ ላይ ወጣ። ወረቀቱን ይዤ ስሮጥ ኮሚቴው ካምባን ሊዘልል ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተናግሬ አስገባሁት።

ከዚያ በሚኒባስ ወደ መናኸሪያ ወረድኩ። የካምባው አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣ አገኘኋት።

«ስምዎ አለ፤ ዛሬ ይታያል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ቦርሳዋን አንስታ ወረደች።

«ልጄን አይቼው ልሂድ» አለች። «ጠዋት አልተመዘገቡም ስባል ሳላየው ልሄድ ነበር። ደግሞ መቼ ትመጫለሽ ቢለኝ ምን እለዋለሁ ብዬ።»