የልጆቹ ካሮትና የእንግዶቹ አበባ

ገንዘቤን ያወቅኋት ወሎ ሰፈር ስንኖር ነው። የቀበሌያችን መዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ነበረች። ከአሰላ የመጣች፣ አጠር ያለች፣ ስትናገር ድምፅዋ ከቁመቷ የሚበልጥ ሴት። ዛሬ ስሟ ሲነሳ የሰፈሩ ሰው «ደግ ነበረች» ብሎ ያልፋል። ደግነቷስ እውነት ነው። እኔን እስካሁን ቆሽቴን የሚያሳርረኝ ግን በእሷና በልጆቻችን ላይ የተደረገው ነው።

መዋዕለ ሕፃናቱ የነበረው ቦሌ መንገድ ዳር፣ በትርፍ ቤትነት በተወረሰ ቪላ ውስጥ ነው። ፊት ለፊቱ ሰፊ ሣር አለው፤ አጥሩ ሽቦ ስለሆነ ግቢው ከመንገድ ወለል ብሎ ይታያል። ልጆቹ የጋራዥ ሠራተኛው፣ የባለሱቁ፣ የመሥሪያ ቤት ተላላኪው ልጆች ናቸው። እናቶች ሥራ ስለሚውሉ ክረምትም አይዘጋም ነበር።

የልጆቹ ምሳ ዕቃ ሲከፈት የሚታየው አንድ ዓይነት ነው፦ ዳቦ በሻይ፣ ዳቦ በስኳር፣ ሲብስም ደረቅ እንጀራ። እናቶቹ ሰንፈው አይደለም። ግማሽ ቀን ራሽን ተሰልፎ የዋለ ሰው ማታ ምን ይሠራል? የተሠራላቸውንም ቢሆን ልጆቹ አይበሉም። ከሁሉም የባሰችው የጎረቤቴ የሸሪፋ ልጅ ሙና ነበረች። ሻይ ከነካው ዳቦ በቀር አፏ የሚገባ ነገር የለም። ፊቷ ገርጥቶ፣ የከንፈሯ ጥግ ተሰነጣጥቆ፣ ሌሎቹ ሲሯሯጡ እሷ ግድግዳ ተደግፋ ታንቀላፋለች። እናቷ ጤና ጣቢያ ወስዳት አትክልት አብያት ተባለች። ሸሪፋ ጎመን ብትሠራ፣ ቆስጣ ብትሠራ፣ ቀይ ሥር ብትቀቅል ልጅቷ ጥርሷን ገጥማ እምቢ አለች። የፍየል ምግብ ነው ትላለች።

ገንዘቤ በመዝሙርም በተረትም ሞከረች፤ አልሆነም። ሚያዝያ ላይ ታዲያ ዶማ ይዛ መጣችና ከዘበኛው ከጋሼ ገብረእዝጊ ጋር ሆና የሣሩን እኩሌታ ገለበጠችው። መደብ መደብ አድርጋ ለየልጁ ቦታ ሰጠች። ካሮት፣ ሰላጣ፣ ቆስጣና ቀይ ሥር ዘሩ። ብሉ ብላ አልተናገረችም፤ የተከለ ሰው የተከለውን ምን እንደሚያደርገው ራሱ ያውቃል አለቻቸው፤ በቃ። ልጆቹ ባዶ የወተት ቆርቆሮ ይዘው ውኃ ለማጠጣት ይጣሉ ጀመር። ጠዋት ሲመጡ የእናታቸውን እጅ ለቀው መጀመሪያ የሚሮጡት ወደ መደባቸው ነው።

ሰላጣው ቀድሞ ደረሰና እየሳቁ በሎሚ በሉት። ሙና ግን ካሮቷን እየጠበቀች ነበር። ሐምሌ ላይ መታገሥ አቃታት፤ ገና ጣት የማታህለዋን ነቅላ በቀሚሷ ጠርጋ ገመጠቻት። ገንዘቤ እንዳላየች ሆነች። አጠገቧ የነበረው ልጅ አቅምሺኝ ቢላት ከራስህ ንቀል አለችው። በዚያው ምሽት ቤቷ ገብታ እናቷን ካሮት ጠየቀች። ሸሪፋ እኔ ቤት መጥታ ስትነግረኝ እንባዋ ይወርድ ነበር። ከዚያ ወዲያ ገንዘቤ ልጆቹ ከነቀሉት ላይ በከሰል ምድጃ ሾርባ ትሠራለች፤ ሳህኑ ተልሶ ይመለሳል። ሙና በጥቂት ሳምንት ፊቷ መለስ አለ፤ ከዚያች ግድግዳም ተላቀቀች።

ነሐሴ መጣ። የ1976 ነሐሴ፣ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሊከበር ሽር ጉድ የሚባልበት። በዚያ ዘመን የነበረ ሰው ያስታውሳል፤ ግድግዳ ሁሉ ቀለም ይቀባል፣ ጎጆ ሁሉ በአጥር ይከለላል። የእኛ መንገድ ደግሞ ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚመጡት እንግዶች የሚያልፉበት ነው። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ብርሃኑ ሰዎች አስከትሎ መጣና መደቦቹን በጫማው ጫፍ እየነካካ ተዘዋወረ። እኔም ልጄን ላደርስ ገብቼ እዚያው ቆሜ ነበር።

«እንግዶች የሚያልፉት በዚህ ነው» አላት። «ጎመን ነው የምናሳያቸው?»

«ልጆቹ የተከሉት ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። ያልተነቀለው ሊደርስ ትንሽ ነው የቀረው። ጥቂት ቀን ይስጡንና እኛው እናነሳዋለን።»

እስከሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ ፈቀደ። ሰው ፊት ነው ቃሉን የሰጠው። በሦስተኛው ቀን፣ ልጆቹ ገና ገብተው ሳይቀመጡ፣ ቀይ አፈርና የአበባ ችግኝ የጫነ መኪና ግቢው ውስጥ ቆመ።

ሸሪፋ ጠርታኝ ስደርስ እኩሌታው ተነቅሏል። የቀን ሠራተኞቹ የታዘዙትን ነው የሚያደርጉት፤ በእነሱ አልፈርድም። ቆስጣውን ከነሥሩ እየመዘዙ ከጓሮው ቦይ ይጥሉታል፤ ካሮቱን ደግሞ እዚያው አፈር ያለብሱታል። ሙና ሮጣ መደቧ ላይ ተቀመጠች። አንዱ ብብቷን ይዞ አንሥቶ ደረጃው ላይ አስቀመጣት። ከዚያው ሆና መደቧ ሲገለበጥ ታያለች። ገንዘቤ ከመኪናው ጋር የመጣውን ሊቀመንበር ቢያንስ ካሮቱን ልጆቹ ይልቀሙት ብላ ለመነችው። ጊዜ የለም አላት። የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር! አበባ ከፈለገ ይትከል፤ ግን ካሮቱን ለሕፃናቱ በእቅፋቸው ቢሰጣቸው ምን ይጎድልበታል? ሰፈራችን ስሙ ወሎ ነው፤ ብዙዎቻችን ዘመድ እዚያ አለን፤ በዚያው ክረምት ከዚያ በሹክሹክታ የሚደርሰን ወሬ የረሃብ ነው። እኛ ግን ልጅ ያበቀለውን ምግብ እየቀበርን አበባ እንተክል ነበር።

እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ነበር። ገንዘቤ እጇን አወጣች።

«ልጆች የተከሉትን ፊታቸው ነቅለን ቀበርነው» አለች። «ነገ እነዚህኑ ልጆች ሥሩ፣ አምርቱ ስንላቸው እንዴት ይመኑን?»

ብርሃኑ ድምፁን ሳያነሣ ማን እንደላካት ጠየቃት። የበዓሉን ዝግጅት የሚያጥላላ ሰው ምን ተብሎ እንደሚጠራ ታውቂያለሽ አላት። ያቺ ጥያቄ የት እንደምታደርስ ሁላችንም እናውቃለን፤ የስንቱ ቤት በእሷ ተዘግቷል። እንግዲህ በዚህ መሐል ነው ሸሪፋ የተነሣችው። ስብሰባ ላይ ትንፍሽ ብላ የማታውቅ ሴት ናት፤ ነጠላዋን ጨብጣ ቆመች።

«ማንም አልላካትም። ልጄ መብላት ጠልታ ልትሞትብኝ ነበር፤ ያተረፈችልኝ እሷ ናት። የእሷን ስም ከያዛችሁ የእኔንም ያዙ።»

ከኋላ ሌሎች እናቶች ማጉረምረም ሲጀምሩ ብርሃኑ መፈክር አስነሥቶ ስብሰባውን ዘጋው። አልታሰሩም፤ የበዓሉ ጥድፊያ ይሁን ሌላ፣ አላውቅም። ገንዘቤ ግን ከመዋዕለ ሕፃናቱ ተነሥታ ኅብረት ሱቅ ስኳርና ሳሙና እንድታድል ተመደበች።

በበዓሉ ሰሞን ባንዲራ ይዘን መንገድ ዳር አሰለፉን። የእንግዶቹ መኪናዎች መስታወታቸውን ዘግተው እየከነፉ አለፉ። ወደዚያ ግቢ አንገቱን ያዞረ አንድም ሰው አላየሁም። ኅዳር ሳይገባ አበባው ውኃ የሚያጠጣው አጥቶ ደረቀ። እናቶቹ መልሰን እንትከልበት ብለው ቢጠይቁ የበዓል ቦታ ስለሆነ አይቆፈርም ተባሉ። ቦታው በሽቦ ተከልሎ ልጆቹ የደረቀውን አበባ በመስኮት ያዩታል።

ሸሪፋ ነገሩን በዚያ አልተወችውም። ባሏን አብዱልገኒን ከማድ ቤታቸው ጀርባ ያለውን ንጣፍ አስፈነቀለችውና ገንዘቤን እሑድ ጠራቻት። ሙና የሰፈሩን ልጆች ሰብስባ መጣች። አፈር ያለው በአፈሩ፣ የሌለው በተቆረጠ በርሜል፣ በየቤቱ ካሮትና ቆስጣ ይበቅል ጀመር። ገንዘቤ እሑድ ከቦሌ ሚካኤል ቅዳሴ ስትወጣ በየጓሮው እየዞረች ታያለች፤ ልጆቹም የደረሰውን ለማሳየት ይሻሟታል።

ልጆቹ ደኅና አደጉ። ይህን ሲሰሙ ታዲያ ምን ቀረ የሚሉኝ አሉ። የቀረውማ ይኸው ነው፦ ብርሃኑ በዓመቱ ከፍ ወዳለ ወንበር ተዛወረ፤ ገንዘቤ ወደ ልጆቼ መልሱኝ ብላ ደጋግማ ብታመለክት መልስ አላገኘችም። መንግሥት እስኪለወጥ ድረስ ልጅ ማስተማር የምትችል ሴት ሳሙና ስትቆርጥ ኖረች። አጥፍተናል ያላት ሰው የለም።