የእርሳስ መስቀል

«አዙሬያለሁ አልኩህ!»

«ካዞርክ ለምን ሁሉም ባንድ ጎን ተጣበቁ? ማሎ፣ እባክህ ንገረኛ!»

አናጺው ጓደኛዬ ስድስተኛውን እንቁላል በቢላዋ ጀርባ ሰብሮ ሳህን ላይ አፈሰሰው። ጫጩቱ ግማሽ ያህል አድጎ ከቅርፊቱ ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። በተጣበቀበት ጎን ላይ በእርሳስ ያሰመርኩት መስቀል አለ። የቀደሙት አምስቱም እንደዚሁ ነበሩ። ሽታው ቤቱን ሞልቶታል።

የመፈልፈያውን ሣጥን የሠራው እሱ ነው። የነቀምቴ ሱቆች ከሚጥሉት የሳሙና ሣጥን ጣውላ ለቅሞ፣ ከታች ለፋኖስ ቦታ፣ ከላይ የመስተዋት መስኮት አበጀለት። ሥራ ፈት ስለነበርኩና ግጥም እየጫርኩ ቤት ስለምውል ማዞሩ የእኔ ድርሻ ሆነ። ወቅቱ ሁዳዴ ነበር፤ በእኛ በጿሚዎቹ ቤት እንቁላል የሚነካ የለምና ሠላሳ ለመሰብሰብ ሁለት ቀን አልፈጀብንም። እሱ የሚሲዮን ሰው ስለሆነ አይጾምም፤ የተሰበሰበውን እያየ ምራቁን ይውጥ ነበር።

ዶሮ አርብተን እንሸጣለን ብሎም ለአሠሪው ጫጩቶቹ ሲወጡ ሥራውን እንደሚለቅ አስቀድሞ ነግሮታል። አሠሪውም ጊዜ ሳያጠፋ ከዲጋ ሌላ አናጺ አስመጣ።

እንቁላል ካልዞረ ጫጩቱ ከቅርፊቱ ይጣበቃልና፣ በየእንቁላሉ አንድ ጎን መስቀል፣ በሌላው ጎን ክብ አድርጌ በቀን ሦስት ጊዜ እገለብጣቸዋለሁ። ክቡን ወደ ላይ አድርጌ ወጥቼ ስመለስ፣ መስቀሎቹን ወደ ላይ ሆነው የማገኝበት ቀን በዛ። ሐሳቤ ቤት የሚመታ ቃል ፍለጋ ላይ ስለነበር፣ ረስቼው ነው እያልኩ እንደገና እገለብጣለሁ።

ጫጩት በሃያ አንድ ቀን ይወጣል። የዚያን ዕለት ጠዋት፣ በሃያ አራተኛው ቀን፣ ከጎጃም መጥታ አብራኝ የምትኖረው እናቴ አጠገቤ ቆማ በመስተዋቱ ተመለከተች።

«እኔስ የምችለውን አድርጌያለሁ» አለች። «አንተ መስቀሉን ትደፋዋለህ፣ እኔ ከኋላህ አቃናዋለሁ። አንድ ቀን እንኳ ተደፍቶ አላሳደርኩትም።»

ያደረገችው ምን እንዳስከተለ አልነገርኳትም። ከየት እንደምጀምር ሳስብ ጓደኛዬ ደረሰ።

ሰባተኛውን ሲሰብር እናቴ ከጓዳ ወጣች። ቀና ብሎ አያት።

«አዮ» አላት፤ ሁልጊዜ እንደ ገዛ እናቱ በኦሮምኛ እንዲህ ነው የሚጠራት። «ይህ ልጅዎ እንቁላሎቹን ሲያዞር አይተዋል?»

መጠየቋ ደስ አላት። «እሱማ ይገለብጣቸዋል፣ እኔ ነኝ እንጂ...»

«አላዞርኩም» አልኩ ቶሎ።

እውነቱን ብነግረው አይቆጣም ነበር፤ ይስቅ ነበር። ሳቁ ከእሱ ጋር አናጺዎቹ ዘንድ ይደርሳል፣ ከዚያ ገበያ ይወጣል፣ እናቴም በመስቀል ጫጩት የፈጀች ሴት ተብላ ትቀራለች። ደግሞም መስቀሉን የሳልኩት እኔ ነኝ። አንዲት ሰረዝ ትበቃ ነበር።

እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። እሱ ቢላዋውን በጨርቅ ጠረገ።

«ስትጽፍ ነበር?»

«ስጽፍ ነበር።»

«ስለ ምን?»

«ስለ ዝናብ።»

«ዝናቡ ገና አልመጣም እኮ።»

ሳህኑን ወደ እኔ ሳብኩት።

«እኔ እኮ መጋዙን አስረክቤያለሁ ሚቹ» አለኝ፤ ወዳጄ ማለቱ ነው። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «አሁን ተመልሼ አሠሪዬን ምን ልበለው? ወዳጄ ግጥም ያዘው ልበለው?»

ፋኖሱን ከሣጥኑ ሥር ሳበ፤ ከገዛ ቤቱ ያመጣው ነው። አጠፋው፣ ብርጭቆው እስኪበርድ ቆሞ ጠበቀ። እናቴ ምንም እንኳ የሆነው ባይገባት፣ አንድ ነገር ካልቀመስክ አትሄድም ብላ ለመነችው። አጎንብሶ እጇን ሳመና «ይቆየኝ አዮ» አላት።

እኔን አልተሰናበተኝም። ፋኖሱን በግራ እጁ አንጠልጥሎ ወጣ፤ በሩንም በቀኙ ስቦ ዘጋው።